የፕሮፌሰር ጭንቅላት

[ስደተኛ ወጣቶች ሙያ የሚማሩበት ማዕከል፣ የፀጉር ሥራ ክፍል። አስተማሪው ወጣ ብሏል። ጓደኞቹ «ፕሮፌሰር» የሚሉት ሠልጣኝ ፎጣ አንገቱ ላይ አስሮ፣ ለመስታወቱ ጀርባውን ሰጥቶ ወንበር ላይ ተንፈላሷል። ከኋላው አንድ አዲስ ልጅ ቶንዶስ ይዞ ቆሟል።]

ፕሮፌሰር፦ ኧረ በደንብ ያዘው! ቶንዶስ እኮ ነው፣ እባብ አይደለም!

አዲሱ ልጅ፦ ይንቀጠቀጣላ!

ፕሮፌሰር፦ የምትንቀጠቀጠው አንተ ነህ። ስማ፣ ነገ አንድ የፀጉር ቤት ባለቤት ከመሃላችን አንድ ሰው መርጦ ሥራ ሊያስገባ ይመጣል። መጀመሪያ የሚያየው የራሳችንን ጭንቅላት ነው። ገባህ?

አዲሱ ልጅ፦ ገባኝ። መነጽሩስ?

ፕሮፌሰር፦ የምን መነጽር?

አዲሱ ልጅ፦ ብልጭታው ዓይን ያጠፋል እኮ።

ፕሮፌሰር፦ [በኩራት] ፀጉሬ እንደሚያብለጨልጭ አውቃለሁ፤ ቅባቱ ነው። ጀምር!

አዲሱ ልጅ፦ መጀመሪያ ዝገቱን ላንሳው?

ፕሮፌሰር፦ ፎሮፎር ነው የሚባለው! አይ አንተ፣ ቋንቋውንም አልቻልከው። አንሳው።

[ቶንዶሱ ይጮኻል።]

አዲሱ ልጅ፦ ቀጥ አድርጌ ልቁረጠው ወይስ በክብ?

ፕሮፌሰር፦ በክብ! ጆሮዬ ጋ ስትደርስ ዝቅ አድርገህ።

አዲሱ ልጅ፦ ጆሮህን?

ፕሮፌሰር፦ ቶንዶሱን! እኔ ባልኖር ምን ይውጥህ ነበር?

አዲሱ ልጅ፦ [እየቆረጠ] ጠርዙ ተጣሟል። በመዶሻ ነካ ነካ ቢደረግ...

ፕሮፌሰር፦ [እየሳቀ] ቀልድ ታውቃለህ! በል አሁን አዙረኝ። ትልልቅ ፀጉር ቤት ደንበኛው መስታወት የሚያየው ሥራው ሲያልቅ ነው።

[ወንበሩ ይዞራል። ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ሰፊ መንገድ ተጠርጓል።]

ፕሮፌሰር፦ ይሄ... ይሄ ምንድን ነው? ማነው እንዲህ ያስተማረህ?

አዲሱ ልጅ፦ አንተ ነሃ። አሁን።

ፕሮፌሰር፦ የፀጉር ተማሪ አይደለህም እንዴ?!

አዲሱ ልጅ፦ እኔማ የብየዳ ነኝ። ክፍላችንን ቀይረውብን እሱን ስፈልግ በዚህ በር ብቅ ብል፣ «ና ግባ!» አልከኝ። ድንበር ከተሻገርኩ ወዲህ «ግባ» ያለኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። እንዴት ብዬ እምቢ ልበልህ?

[ፕሮፌሰር ፎጣውን ከአንገቱ ይፈታል። ጎንበስ ብሎ ከወለሉ አንድ እፍኝ ፀጉር ያነሳል።]

ፕሮፌሰር፦ በያጅ ነኝ አላልክም? እንካ፣ መልሰህ በይድልኝ!

አዲሱ ልጅ፦ ውይ ወንድሜ፣ ብየዳው ጋ ገና አልደረስንም። እስካሁን የተማርነው መቁረጥ ብቻ ነው።