ከልጅ ልጄ አንገት የወለቀችው ክታብ

ሰው ስለ ሌላ ሰው ልጅ ሲመክር አንደበቱ እንዴት ይሰላል! አንዱን ወደ እርሻ፣ አንዱን ወደ ውትድርና፣ የቀረውን ሁሉ ወደ እጅ ሙያ ሲያሰማራ የሚያደናቅፈው ቃል የለም። ይህን የምጽፈው ሌላውን ልገሥጽ ብዬ አይደለም፤ በዚህ ነገር ከእኔ የባሰ ሰው በመንዝ ምድር አላገኘሁም።

ሞላሌ ላይ ስብሰባ ተጠራ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ቤት የተቀመጡ ልጆች ሙያ ይማሩ፤ ትምህርቱም እኩሌታው በማሠልጠኛው፣ እኩሌታው በባለሙያ ደጅ ይሁን የሚል መመሪያ መጥቶ ነበር። ወላጆች ግን ልጆቻቸውን ወደ ብረት ሥራ ለመላክ አንገራገሩ። ምክንያቱን ማንም ከአፉ አላወጣውም፤ ባለእጅ ዓይኑ ይበላል እየተባልን ያደግን ነንና ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ድጓ ሳስተምር የኖርሁት እኔ መሪጌታው፣ ሕዝቡን አስረዳ ተብዬ ተጠራሁ።

አስረዳሁ! ጌታችን የጸራቢ ልጅ መባሉን፣ ደብተራ ኦሪትም በጥበበኛ እጅ መሠራቷን እያነሣሁ አራቀቅሁት። በመጨረሻም መቋሚያዬን ከወለሉ እየመታሁ፣ ቡዳ የሚሉት ነገር የሰነፍ ወሬ ነው ስል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከኋላ የተቀመጠው ቀጥቃጩ ተሰማ ግን አላጨበጨበም። በዕድሜ እኩያዬ ነው፤ እሱ አንቱ ይለኛል፣ እኔ አንተ እለዋለሁ።

ጭብጨባው ሳይበርድ አንዲት ልጅ ተነሥታ፣ «እንግዲያው እኔን መዝግቡኝ፤ ከጋሽ ተሰማ ዘንድ ብረት ሥራ እማራለሁ» አለች። የማን ልጅ ትመስላችኋለች? የእኔው የልጅ ልጅ፣ ስመኝ! መዝጋቢው ወደ እኔ ዞሮ፣ መቼም መሪጌታ ይፈቅዳሉ አለ። ያን ሁሉ ስብከት ወዴት ልመልሰው? ይሁን አልሁ፤ ድምፄ ግን ከመንጦላዕት ጀርባ የሚጸለይ ይመስል ነበር።

በከተማችን ተለማማጅ እቀበላለሁ ያለ የብረት ባለሙያ ተሰማ ብቻ ነው። ሳምንት ሙሉ አይቷት በማሠልጠኛው ቅጽ ላይ ካልፈረመላት፣ ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጠችው ልጅ ሥልጠናውን ታጣለች።

በሥራዋ የመጀመሪያ ቀን፣ ሰኞ ማለዳ፣ ምን አደረግሁ? ስጽፈው እጄ ያፍራል። የእናቴን ሣጥን ከፍቼ በቆዳ የተሰፋች አሮጌ ክታብ አወጣሁና በስመኝ አንገት አሰርሁ። ተማሪዎቼን ክታብ የነካ ከጉባኤዬ ይውጣ ስል የኖርሁ እኔ! ልጅቱም፣ «አባባ፣ የሰነፍ ወሬ ነው ብለው አልነበረም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ለብርድ ነው አልኋት። ክታብ ለብርድ! እንኳን መሪጌታ፣ ፊደል ያልቆጠረም እንዲህ ያለ ውሸት አይዋሽም።

የሆነውን ማታ እሷው ነገረችኝ። ተሰማ የብረት መቁረጫውን ማሽን ሊያስነሣ ሲል ክሯን ያይና፣ «በዚህ ቤት ከአንገት የሚንጠለጠል ነገር የለም፤ ማሽኑ ጎትቶ ፊትሽን ይበላዋል» ብሎ ክታቧን ያስወልቃታል። ስፌቷን ገለባብጦ አየ። ቆይቶ ማን እንዳሰረላት ሲጠይቃት፣ ውሸት ገና ከእኔ አልተማረችምና፣ አባባ ናቸው አለችው።

አበቃላት አልሁ። እንዲህ የተዋረደ ሰው ለማን ብሎ ይፈርማል? ሳምንቱን ሙሉ ማሕሌት ቆሜ እንኳ የሚታየኝ ያ ቅጽ ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ስመኝ ሁለት ነገር ይዛ መጣች፤ የተፈረመበትን ቅጽና ክታቧን። «ጋሽ ተሰማ ለመሪጌታ ንገሪልኝ ብለዋል» አለች። «ይህች የአባቴ ስፌት ናት፤ ለመሪጌታ እናት የሰፉላቸው እሳቸው ናቸው። ክሩ አልቆ ነበርና እኔ አጥብቄ ሰፍቻታለሁ ብለዋል።»

አስቡት እንግዲህ! ከባለእጅ ዓይን ትጠብቅልኝ ያልኋት ክታብ፣ አባት ሰፍቶ ልጅ ያደሳት የባለእጅ ሥራ ኖራለች። ከዚያች ሰዓት ወዲህ አንተ የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ።

ሰው ሳያይ ቀድጄ ላቃጥላት ብዬ ቢላዋ አነሣሁ። ያ ስፌት ግን የሚበገር አልሆነም፤ ብገዘግዘው፣ ብገዘግዘው፣ የዶለዶመው ቢላዋዬ ነው። ስለት የሚያወጡት ደግሞ እሳቸው ናቸው፤ አቶ ተሰማ። ስመኝን ሰኞ ስትሄጂ ቢላዋውን ይዘሽልኝ ሂጂ ብላት እንቢ አለች፤ ሥራ ያለው ሰው ራሱ ይምጣ የሚል ሕግ አላቸው አሉ።

«ደግሞ አባባ፣ ይዘጋጁበት» አለችኝ። «ጋሽ ተሰማ ቢላዋ ከመሳላቸው በፊት፣ ምን ሲቆርጥ እንደ ዶለዶመ ይጠይቃሉ።»