ለኑሮ ብቁ ሆኖ የተገኘው ቤት

በነሐሴ ወር ሁለተኛ ሳምንት፣ ሰማይና ምድር እማኝ በሆኑበት፣ የአቶ ወሰኔ የኪራይ ቤት ጣራ ማፍሰሱ ለሚመለከተው ሁሉ በክብር ተገለጠ። እርግጥ ነው፣ ከዚያ በፊትም ሁለት ክረምት አፍስሷል፤ ያኔ ግን ማመልከቻ ስላልተጻፈበት እንዳላፈሰሰ ይቆጠራል።

ማመልከቻውን የጻፈችው ልብስ ሰፊዋ ሰርካለም ናት። ከመምህርት ትሕትና ጋር ይህን የሣር ቤት በጋራ ተከራይተው ይኖራሉ። ቤቱ ሲከራዩት ሰፊ ነበር፤ ክረምቱ በገባ ቁጥር ግን ይጠብ ጀመር። ትሕትና አልጋዋን ወደ ምሰሶው ገፋች፤ ሰርካለም የእጅ ስፌት መኪናዋን ወደ አልጋው አስጠጋች፤ በመጨረሻ ሁለቱም በር ሥር ተገናኙ። ሰርካለምን እንቅልፍ የነሳት ሰው ለእንቁጣጣሽ አምኖ የሰጣት ጨርቅ ነው። እሱ ከሻገተ በዚያች ትንሽ ከተማ ዳግመኛ ማን ቁልፍ እንኳ ያስተክላታል?

አቶ ወሰኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ሰው ናቸው። በተለይ ሕጉ ሥራ የሚያስቀርላቸው ሲሆን አክብሮታቸው ወደር የለውም።

«ጋሼ ወሰኔ፣ ኧረ ጣራውን ያድሱልን።»

«በምን ላድሰው ልጄ? የጣራ ሣር የሚታጨድበት ጓሳ እንደሁ ዘንድሮ ዝግ ነው። አባቶች ይከፈት ሳይሉ አንድ ጭብጥ ሣር ያጨደ ሰው፣ ድሮ ቢሆን ቤቱ ይቃጠል ነበር!»

«ይችማ አትቃጠልም፣ እርጥብ ናት» አለች ትሕትና።

«እንግዲያው ላስቲክ ያልብሱልን» አለች ሰርካለም።

«በአባቴ ቤት ላይ ላስቲክ? ሰው ምን ይለኛል! ደግሞ ይኼ ማፍሰስ አይባልም፤ ወዝ ነው። የከበደው ይልቀቅ፣ በሩ ክፍት ነው።»

በሩ በእርግጥም ክፍት ነበር፤ አብጦ አልዘጋ ካለ ሰንብቷል።

ነገሩ ወደ ቀበሌው አጣሪ ኮሚቴ ሄደ። ሰብሳቢው አቶ መርስዔ ኃዘን ናቸው፤ የጓሳን ሣር የሚያስጠብቁትም እሳቸው ናቸውና፣ ከእሳቸው የሚያመልጥ ነገር የለም። ጸሐፊያቸውንና አቶ ወሰኔን አስከትለው ፀሐይ የወጣችበትን ቀን መርጠው መጡ። ጣራውን አንጋጠው ሲያዩ ሰማይ በአሥራ አንድ ቦታ መልሶ አያቸው።

«ብርሃን አለው» አሉ። ጸሐፊው «በቂ ብርሃን ያለው» ብሎ ጻፈ።

«አየርስ?»

«ከላይም ከጎንም ይገባል» አለች ሰርካለም። «የተሟላ አየር» ተብሎ ተጻፈ።

«ውኃስ?»

«እሱማ ቤት ድረስ መጥቶልናል!»

«ውኃ የገባለት» ተብሎ ተጻፈ።

አቶ መርስዔ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ቤቱ ለኑሮ ብቁ ሆኖ ስለተገኘ፣ ተከራዮች ወይ አመስግነው እንዲኖሩ፣ ወይ ወሩ ሳያልቅ እንዲለቁ ተወስኗል» አሉና ሊፈርሙ ወረቀቱን ስፌት መኪናው ላይ ዘረጉ።

ሰማዩ አጉረመረመ። የመጀመሪያዋ ጠብታ «ብቁ» የሚለው ላይ አረፈች። ከዚያ በኋላ በረዶው ወረደ።

ቀድመው የሮጡት አቶ ወሰኔ ናቸው። «ወዲህ! ወዲህ!» እያሉ ኮሚቴውን ይዘው ጓሮ ካለው የበጎቻቸው ጋጣ ገቡ። ሰርካለምና ትሕትናም መኪናውንና ጨርቁን ተሸክመው ተከተሉ።

ጋጣው ውስጥ አንዲት ጠብታ የለችም። በጎቹ ተኝተው ያመሰኳሉ። ከላይ የጓሳ ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ተከድኗል፤ የዘንድሮ ነው፣ የማጭድ ሽታው ገና አልለቀቀውም።

አቶ ወሰኔ በጎቻቸውን ይቆጥሩ ጀመር።

ሰርካለም መኪናዋን በሁለት በጎች መካከል አስቀምጣ፣ ደረቅ ጨርቅ መርጣ መስፋት ጀመረች። ልቀቂ ያላት የለም። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ፣ ምን ልጻፍ በሚል ዓይን ሰብሳቢውን ቢያይ፣ ከጣራው አንድ ዘለላ ሣር ተመዝዞ አቶ መርስዔ ጋቢ ላይ ወደቀ።

አነሡት። በሁለት ጣታቸው አገላብጠው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው፣ ቀስ ብለው፣ ከነበረበት መልሰው ሰኩት።