አለርጂ የተባለው ጾም

ጾሙን «አለርጂ ነው» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሜልቦርን ውስጥ ሞልተናል። ምን እናድርግ? እዚህ አገር ሃይማኖት ማብራሪያ ይጠየቅበታል፤ በሽታ ግን ወዲያው ይከበራል።

ሴንት አልባንስ በሚባለው የሜልቦርን ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት እትዬ አስካለ ከልጃቸው ጋር በመርከብ ሊዝናኑ ሲሄዱ እኔም አብሬ ነበርኩ። ልጅቷ ጉዞውን ቡክ ያደረገችው የፈረንጆቹን ፋሲካ ቀን አይታ ስለነበር፣ የእኛ ሁዳዴ ሳያልቅ ተሳፈርን። ገና በመጀመሪያው እራት አስተናጋጁን በእንግሊዝኛ «እናቴ የሥጋ፣ የወተትና የእንቁላል አለርጂ አለባት» አለችው። ሰውየው ደነገጠ። ከዚያ ወዲያ የእትዬን ሳህን በዓይኑ ሳይመረምር አላቀረበም።

የእኛ ፋሲካ ባሕር ላይ ነጋ። እትዬ ነጭ ለብሰው ቁርስ ላይ እንቁላል አዘዙ። አስተናጋጁ ሼፉን ይዞ ተመለሰ፤ ሁለቱም በትልቅ አክብሮት፣ በፍጹም አይሆንም አሉ።

«ምን ሆነው ነው?» አሉ እትዬ።

«አለርጂ አለባት ብያቸው ነው፣ ማሚ» አለች ልጅቷ አቀርቅራ። «ጾም ብላቸው ማን ይገባዋል?»

እትዬ የቀረበላቸው የተቀቀለ ድንች ላይ አማተቡ።

«ጾሜን በሽታ ነው ብለሽ ነግረሽብኝ» አሉ፣ «ዛሬ በምን አፌ ዳንኩ ልበላቸው?»