«ንቃ»ን በለሆሳስ የዘመርን ጊዜ

ጩኸት የማንወድ ሕዝብ ነን የሚል ሰው ካለ፣ አንድ ቅዳሜ ክንዱን ይዤ ገበያ ልውሰደው። እኛ ስንጣላም እንጮኻለን፣ ስንስማማም እንጮኻለን፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ባለጉዳዩ ብቻ ነው። ሁለት ወዳጆች በመንገድ ወዲህና ወዲያ ማዶ ቆመው ስለ ልጆቻቸው ጤና ሲጠያየቁ የሰማ እንግዳ፣ ሊገላግል ይሮጣል። እርግጥ ነው አበው «ዝም አይነቅዝም» ብለዋል። ይህንንም ቢሆን ጮኸው የተናገሩት ይመስለኛል። አለዚያማ እኛ ዘንድ በምን ደረሰ?

ስለ ጩኸት ለመናገር እኔ ሥልጣን አለኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት ነቀምቴ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ ነው። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ትንሽ ሱቅ ከፈተ፤ ሲሞት ሱቁንም ጉሮሮውንም ለእኔ ተወልኝ። ሱቄ በር ላይ ቆሜ «ኮቱ! ኮቱ!» ብዬ ስጣራ ባኬ ጃማ ሰፈር ድረስ ይሰማል ይሉኝ ነበር። ና ማለቴ ነው በኦሮምኛ፤ ገበሬው ብቻ ሳይሆን በሬውም ዞር ይልልኝ ነበር።

በደርግ ዘመን ከያኒ ያደረገኝ ይኸው ጉሮሮ ነው። ያልደረሳችሁበት ልጆች እንድታውቁት፣ ያን ጊዜ ከተማው ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው፤ ስለ አብዮቱ፣ ስለ ምርቱ፣ ስለ መሠረተ ትምህርቱ ይዘፍናል። መግባት በፈቃደኝነት ነው። መቅረት ግን አይፈቀድም። የእኛን ቡድን የሚቆጣጠረው ጓድ መኩሪያ የሚባል፣ ከሸዋ የመጣ፣ አንገተ ወፍራም ካድሬ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዘፈንን የሚለካው በርቀት መሆኑ ነው እንጂ ችግሩ። «የት ድረስ ተሰማ?» ይላል ዘፍነን ስንጨርስ። ታዲያ አንድ ቀን በሱቄ ደጃፍ ሲያልፍ ያንን «ኮቱ!» ሰማና ቀጥ ብሎ ቆመ። «ስምህ ማነው ጓድ?» «ሸምሱ።» አበቃ። በማግሥቱ ከያኒ ሆኜ ዋልኩ።

የዘማሪዎቹ መሪ ግን ሌላ ፍጥረት ነበረች። ሲስተር ዲንቄ የሆስፒታል ነርስ ናት። ከዚያ ቀደም የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን መዘምራንን ትመራ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሲታሸግ እሷም ጥቂት ወራት ታስራ ወጣች። ሕንፃው ይታሸጋል፤ አራት ድምፅ ለይቶ የሚዘምር ጉሮሮ ግን እንዴት ይታሸጋል? ከተማው የኪነት ቡድን ሲያስፈልገው እነዚያኑ መዘምራን ለቀመና ሰንደቅ አስያዛቸው። ግማሹ ቡድን የድሮ መዘምራን፣ ግማሹ እንደ እኔ ያለ ከመንገድ የተያዘ ነበር።

ሲስተር ዲንቄ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስትናገር የሰማ ሰው የለም። ጠያቂ ዘመድ ተሰብስቦ የበሽተኛ ክፍል ሲያተራምስ፣ በሩ ላይ ቆማ «ሱታ» ትላለች አሉ። ቀስ በሉ ማለቷ ነው። ይህችን አንዲት ቃል ካለች በኋላ ዝንብ ስትበር ይሰማ ነበር ይባላል።

ነገሩ የመጣው የወለጋ ከተሞች የኪነት ውድድር ነቀምቴ ላይ ይደረጋል በተባለ ሰሞን ነው። ጊምቢ ይመጣል፣ ደምቢ ዶሎ ይመጣል፣ ሻምቡ ይመጣል። ሲስተር ዲንቄ ስለ መሠረተ ትምህርት አንድ መዝሙር ደረሰች። አንዲት አሮጊት እናት ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች ስትንተባተብ ይጀምራል፤ አገር ሁሉ አንባቢ ሆኖ ሲነሣ ያልቃል። ኖታውን ጻፈች፣ በቀበሌው ማባዣ አባዛች፣ አደለችን። እኔ ኖታ ማንበብ አልችልም። ይሁንና ከመስመሮቹ ሥር እዚህም እዚያም ነጠላ ነጠላ የፈረንጅ ፊደል ተበትኖ አየሁና አጠገቤ ያለውን የአኮርዲዮን ተጫዋች ጠየቅኩት። «ድምፅ የምታወጣበትና የምታወርድበት ምልክት ነው» አለኝ፤ «ይሄ በቀስታ፣ ያ በኃይል።»

እኔ ያየሁትን ጓድ መኩሪያም አየው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስዶ በብርሃን መረመረ።

«ጓድ ሲስተር፣ ይሄ ምን ይላል?»

«በቀስታ ይላል ጓድ።»

«ይሄኛውስ?»

«በጣም በቀስታ።»

ጓድ መኩሪያ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። ፊቱ ጠቆረ። «አብዮት በሹክሹክታ ይዘመራል እንዴ? ያውም በኢምፔሪያሊስት ፊደል! ይሄ እዚያ ቤታችሁ ትሉት የነበረው አይደለም?»

አሁን ሳወራው ያስቃል። ያን ጊዜ ግን የሳቀ የለም። የታሸገውን ቤተ ክርስቲያን የምታነሣዋ «እዚያ ቤታችሁ» የምትለዋ ቃል ሰው እስር ቤት የምታስገባ ቃል ነበረች፤ የድሮ መዘምራኑ ሁሉ መሬት መሬት አዩ። የአኮርዲዮኑ ሰው መሣሪያውን ቀስ ብሎ ሲያጥፍ፣ አኮርዲዮኑ ትንፋሹ ወጥቶ እንደ በሽተኛ አቃሰተ። ሲስተር ዲንቄ ወረቀቶቹን ሰበሰበች። «ልክ ነህ ጓድ» አለች በዚያች በምታውቋት ድምጿ። «የራሳችን ምልክት ሊኖረን ይገባል። ጊዜ ስጠኝ።»

እኛ አለቀ ደቀቀ ብለን ነበር። እሷ ግን በተከታዩ ልምምድ አዲስ ወረቀት ይዛ መጣች። የጽሕፈት መኪናው እንዲህ ያለውን ነገር በመስመሮቹ መካከል ማስገባት ስለማይችል፣ የማባዣውን ስቴንስል ራሷ በዶለዶመ የሕክምና መርፌ እየጫረች ነበር ያዘጋጀችው። የፈረንጁ ፊደል የለም። በቦታው ሦስት የራሳችን ፊደላት ጉብ ጉብ ብለዋል፤ ን፣ ተ፣ ታ።

«ን ማለት ንቃ» አለች ለጓድ መኩሪያ። «ተ ማለት ተደራጅ። ታ ማለት ታጠቅ።»

እነዚህ ሦስት ቃላት በየግድግዳው፣ በየሰልፉ፣ በየስብሰባው ይጮኹ የነበሩ ቃላት ናቸው። ጓድ መኩሪያ ባላሰበው በኩል ሲመጡበት ደንገጥ አለ። «እንዴት ነው ታዲያ የሚዘመሩት?»

«ከእንቅልፉ የሚነቃ ሰው ወዲያው አይጮኽም ጓድ። መጀመሪያ ዓይኑን ያሻል። ስለዚህ ን ቀስ ያለ ነው። ሲደራጅ ድምፁ ይጠነክራል። ሲታጠቅ ደግሞ…»

«ይጮኻል!» አለ ጓድ መኩሪያ፣ መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ።

«ይጮኻል» አለች ሲስተር ዲንቄ በቀስታ።

ሰውዬው ወረቀቱን ተቀበለ። ጣቱን እያስኬደ አነበበና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ሁለት ን ያለበትስ?»

«እሱ ገና በደንብ ያልነቃ ነው።»

«ገባኝ። የንቃተ ህሊና ደረጃው ዝቅተኛ ነው ማለት ነው።» ጣቱ ቀጠለ። እንደገና ቆመ። አሁን ግን ቅንድቡ ተነሣ። «እዚህ ጋ ከታ ተመልሳችሁ ወደ ን ወርዳችኋል። ምንድነው ይሄ? የታጠቀ ሕዝብ ተመልሶ ሊተኛ ነው?»

መዝሙሩ የተሠራው ያችን ቁልቁለት ሊያሳይ እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ገብቶኝ ነበር። ሲስተር ዲንቄ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም።

«አልተኛም ጓድ። አድፍጦ ነው።»

«አድፍጦ!» አለ ጓድ መኩሪያ። ፊቱ በራ። ቃሏን ከንፈሩ ላይ እንደ ከረሜላ አገላበጣት። «አድፍጦ! ይሄንማ ተዉት፣ እንዲያውም አስረዝሙት!»

ሲስተር ዲንቄም አስረዘመችው።

የቀረው ጣጣ እኔ ነበርኩ። ታ ላይ እንደ እኔ ያለ ታጣቂ የለም፤ ን ላይ ግን ሰፈሩን በሙሉ እቀሰቅሳለሁ። በአሮጊቷ እናት መንተባተብ ላይ የእኔ ድምፅ ሲጨመር ፊደል የምትቆጥር ሳይሆን ሌባ የምታባርር ትመስላለች። ሲስተር ዲንቄ ለምናኝ፣ አሳይታኝ፣ የትንፋሽ አያያዝ አስተምራኝ አልሆን ሲላት፣ አንድ ቀን ጓድ መኩሪያ ከመምጣቱ በፊት ጠጋ አለችኝ።

«ሸምሱ፣ ከባንኮኒው ሥር የሸሸግከውን ጨርቅ ለወዳጅህ የምትጠቁመው በየትኛው ድምፅ ነው?»

ክው አልኩ። ያን ጊዜ ጥሩ ጨርቅ እንደ ልብ አይገኝም፤ የተገኘችውም በግልጽ አትሸጥም። «የምን ጨርቅ?» አልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ወዲያና ወዲህ እያየሁ።

«እሱን ነው የምፈልገው» አለች። «በእሱ ዘምር።»

ለካ ለሆሳስ ድሮውኑ ስችልበት ኖሬአለሁ!

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። የእያንዳንዱ ከተማ ሰው የራሱን ልጆች ሊያበረታታ መጥቷል፤ ከፊት ረድፍ ከአዲስ አበባ የመጡ ትልቅ እንግዳ ተቀምጠዋል። ከእኛ በፊት የወጡት ሁሉ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ታጥቀው የወጡ ነበሩ። የሻምቡዎቹ ጮኹ። የጊምቢዎቹ የሻምቡዎቹን ጩኸት ለመብለጥ ጮኹ። የደምቢ ዶሎዎቹ ከበሮ ጨመሩበት። የጣሪያው ቆርቆሮ እየተርገበገበ ነው፤ እንግዳው ግንባራቸውን በሁለት ጣታቸው ደገፍ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

እኛ ተራችን ደርሶ ወጣን። ሲስተር ዲንቄ ትንሿን ጣቷን አነሣች። ሁለት ን።

ጀመርን። መጀመሪያ ማንም አልሰማንም። የድምፅ ማጉያው ሠራተኛ የተበላሸ መስሎት ወደ መሣሪያው ሮጠና ቁልፉን እስከ መጨረሻው አዞረው። ከኋላ አንዱ «ድምፅ የለም!» ብሎ ጮኸ። አንዲት ሴት ከዚያ በላይ ጮኻ «ጨሊሲ!» አለችው፤ ዝም በል ማለቷ ነው። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አሮጊቷ እናት ፊደሏን ስትለቅም በዚያ ሁሉ ሕዝብ ጆሮ ውስጥ ገባች። እኔ፣ ያን ያህል ዓመት ስጮህ የኖርኩት ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ያለውን ሰው ድምፅ ሰማሁ። አራቱ ድምፅ አንዱ በሌላው ላይ ሲያርፍ ደረቴን ሞቀኝ። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ቆሜ እንደነበርኩ አላወቅኩም ነበር።

ተ መጣ። ጠነከርን። ሲስተር ዲንቄ ሁለቱንም እጆቿን ዘረጋችና ታ መጣ።

ቁልፉ እስከ መጨረሻው መዞሩን አትርሱ። አዳራሹ ተናወጠ። እንግዳው ከወንበራቸው ተነሡ፤ በድንጋጤ ይሁን በአድናቆት እስከ ዛሬ አልተጣራም። እሳቸው ሲነሡ ካድሬው ሁሉ ተነሣ፤ ካድሬው ሲነሣ ማን ይቀመጣል? ሕዝቡ በሙሉ በእግሩ ቆመ። ይህን ጊዜ እኛ በረጅሙ ቁልቁለት ወረድን፤ ከታ ወደ ተ፣ ከተ ወደ ን፣ ከን ወደ ሁለት ን። ከኋላ የቆሙ ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፍተው አየሁ። አንዳንዱ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ አንዳንዱ እንባውን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል። ይህን ዓይነት ድምፅ ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ አልሰሙትም ነበር። ጓድ መኩሪያ ወደ እንግዳው ጆሮ ጠጋ ብሎ «እያደፈጡ ነው» ሲል ሰማሁት።

አንደኛ ወጣን። ጭብጨባው አላቆም አለ፤ የሻምቡዎቹ እንኳ አጨበጨቡ። እንግዳው ሲስተር ዲንቄን እጇን ጨብጠው «ቡድናችሁ ምን ይጎድለዋል ጓድ?» አሏት።

የመለሰችው እንደ ልማዷ ነበር። እንግዳው ለመስማት ጎንበስ አሉ። «የመለማመጃ አዳራሽ የለንም። አንድ ባዶ ሊሆን የሚችል አዳራሽ አለ፤ ድምፅ በደንብ ይይዛል። አሁን በቆሎ ተቀምጦበታል።»

የትኛው አዳራሽ እንደሆነ ነቀምቴ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ጓድ መኩሪያ አፉን ከፈተ። እንግዳው ግን የከተማው ሰው አይደሉም። «ለበቆሎ ሌላ ቦታ ፈልጉለት» አሉት፤ «ኪነት ከበቆሎ ይበልጣል።»

ማኅተሙ ተነሣ። በቆሎው ወጣ። ሴቶቹ ወለሉን አጠቡት፣ ወንዶቹ አግዳሚ ወንበሮቹን ከየቀበሌው ጽሕፈት ቤት ለቅመው መለሱ። እዚያ ውስጥ ሆነን ን ስንል ግድግዳው ራሱ አብሮ ይነቃ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ልምምድ ለማየት» እያሉ ይመጣሉ፣ ጥግ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። የሚከለክላቸው አልነበረም፤ ጓድ መኩሪያ የሕዝብ ተሳትፎ ብሎ ሪፖርት ያደርጋቸው ነበር።

እኔ የሙስሊም ልጅ ነኝ። ያንን ደጃፍ ከዚያ በፊት ረግጬው አላውቅም። አንድ ቀን ታዲያ ገበያ ስለደራልኝ ከልምምድ ቀረሁ። በማግሥቱ ጓድ መኩሪያ ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ ገበያተኛው በሙሉ እየሰማ፣ እንደ እኔው ባኬ ጃማ በሚደርስ ድምፅ አምባረቀብኝ፦

«ጓድ ሸምሱ! ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ለምን ቀረህ?»

ሱቄን ቆለፍኩና ተከተልኩት።