ከመላክ በፊት አሚን

ቁጭ ማለት ቀላል ይመስላችኋል? እኔ አልሆነልኝም። ከውጫሌ ደሴ በሚኒባስ ስሄድ እንኳ ከሹፌሩ እኩል ነዳጅ የምረግጠው እኔ ነኝ። እናቴ «አንተ ልጅ፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» ትለኝ ነበር።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የዩኒቨርሲቲ የፕሮግራሚንግ ቡድን ውስጥ ምን ይሠራል? በሉኝ። ደንቡን ደግሞ ስሙት፤ ሦስት ሰው፣ አንድ ኮምፒውተር። አንዱ ሲጽፍ ሁለቱ ይጠብቃሉ። ለእኔ ከዚህ የባሰ ቅጣት አለ?

በበይነ መረብ የሚካሄደው የማጣሪያ ውድድር የትምህርት እረፍት ላይ ስለዋለ ሐይቅ ከተማ ተገናኘን። የቡድናችን አባል የዘይነባ አጎት፣ ጋሽ ሰይድ፣ እዚያ ፎቶኮፒ ቤት አላቸው። ሦስተኛችን ኃይሌ ነው፤ የግሸን ቄስ ልጅ፣ ዝምተኛ። አንድ ጥያቄ ብቻ ብንመልስ ለዋናው ውድድር አዲስ አበባ እንገባለን። ስህተት ከላክን ግን የቅጣት ደቂቃ ይጨመርብናል፤ አለቀልን ማለት ነው።

አስር ደቂቃ ሲቀር መልሱን ጽፌ ጨረስኩ። እስከዚያ ድረስ ስንቴ ተነስቼ አስፋልቱን አይቼ እንደተመለስኩ አትጠይቁኝ። ዘይነባ ቆይ አንዴ እንየው ትላለች። ምኑ ይታያል? ጣቴን በላኝ እኮ! የመላኪያውን ቁልፍ ልጫነው ስል ጋሽ ሰይድ ከማተሚያው ጀርባ ብቅ አሉ።

«አለቀ? እንግዲያው ሳይመረቅማ አይሄድም!» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

አቤት ጉዴ! ወሎ ውስጥ ሽማግሌ እየመረቀ የአንተ እጅ ኮምፒውተር ላይ? አይታሰብም። የቄሱ ልጅ እንኳ ቀድሞኝ ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ፤ እግሬ ግን ከጠረጴዛው ሥር ይጨፍራል። እንደ ሐይቅ ያስፋችሁ፣ አሚን። እንደ አምባሰል ከፍ ያድርጋችሁ፣ አሚን። ጎረቤቱ ተመረቀ፣ ዝናቡ ተመረቀ፣ ከብቱ ተመረቀ። ሰዓቱ ይሄዳል። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ኃይሌ እጁን ቢዘረጋም ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር። የመጨረሻው አሚን እንዳለቀ «መፈተኛው ቁጥር ዜሮ ከሆነ ጉድ ሆንን» አለ። እውነቱን ነው! ለዜሮ ላካፍል ነበር፤ ያኔ ፕሮግራሙ ቀጥ ይላል። አንድ መስመር ጨመርን፣ ላክን፣ አለፍን። በደስታ ጮኸን ሰፈሩን አስደነገጥነው።

ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ሆንኩላችሁ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያልኩ ያገኘሁትን ሁሉ እመክራለሁ። አዲስ አበባም ገብተን የመጨረሻዋን መልስ ጻፍኩና ረጋ ብዬ አነበብኳት። ደገምኳት። ዘይነባ ላከው እንጂ እያለች ትወራጫለች፤ እኔ ደግሞ ቆይ እላለሁ። ሠለስኳት። ሰዓቱ አለቀ። መልሷ ልክ ነበረች፤ ብልካት ኖሮ ተሸላሚ ነበርን። ዘይነባ ሐይቅ እስክንደርስ ከእኔ ርቃ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ለጋሽ ሰይድ ሁሉንም ነገርኳቸው። እጄን ያሰረብኝ የእርስዎ ምርቃት ነው ብዬም አማረርኩ። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አይ አንተ! አሚን ከተባለ በኋላማ እጅ ይወርዳል እኮ!»