«አይነካም» የሚሉት አቶ አበረ

በዚህ አገር «አይነካም» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ፎቶ ኮፒው አይነካም፤ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። መስኮቱ አይነካም፤ ተከፍቶ አያውቅም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ይህን ማዕረግ ለአሥራ አራት ዓመት ያለ ተቀናቃኝ የያዙት የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ፣ ክቡር አቶ አበረ ነበሩ።

የኔትወርክ ባለሙያዋ ሂዊ እዚህ ክፍል የተመደበች ቀን ሰላምታ ሳይሰጧት በፊት «ልጄ፣ የሚሠራ ነገር አይነካም» አሏት። የጽዳት ሠራተኛዋ የሰርቨሩን ክፍል የምትወለውለው እሳቸው ባሉበት፣ ያውም ከማሽኑ ሁለት ክንድ ርቃ ነው። ሂዊ አንድ ጊዜ አቧራውን በጣቷ ጫፍ ብታነሣ ቀኑን ሙሉ አኮረፏት። ስብሰባ ላይ «ይሻሻል» የሚል ቃል ከተነሣ ደግሞ ሳል ይይዛቸዋል።

ምክንያቱን የነገረቻት የምዝገባ ሠራተኛዋ ወይዘሮ ያለምወርቅ ናት። በ2001 ዓ.ም. ሰርቨሩ ለጽዳት ተብሎ ለግማሽ ሰዓት ጠፋ፤ አልተነሣም። የሁለት ሺህ ተማሪ ውጤት ይዞ ቀረ። አቶ አበረ ከየወረቀቱ እየለቀሙ መልሰው ለመጻፍ አራት ወር ፈጀባቸው። ከዚያ ወዲህ «አጥፊ» የሚለው ቃል ለአምፖል እንኳ ከአፋቸው አይወጣም፤ «መብራቱን አሳርፊው» ነው የሚሉት።

በ2007 ኮሌጁ ሦስት አዳዲስ ሰርቨሮች ገዛ። ሂዊ ሦስቱን እንደ አንድ በሚያሠራ ክላስተር አገናኝታ፣ ምዝገባውን እላያቸው ላይ በሚሠራ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ አስገባችው። ቨርቹዋል ማሽን ራሱን የቻለ ኮምፒውተር ሆኖ እንደሚሠራ፣ ግን የራሱ አካል እንደሌለው አስረዳቻቸው።

«አካል ከሌለው ምኑን እጠብቃለሁ?» አሉ አቶ አበረ፣ ቅር እያላቸው።

ሳይጠፋ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ማዛወር እንደሚቻልም ነገረቻቸው። በአክብሮት አዳመጧት። «ጥሩ ነው» አሉ፤ «ግን አይነካም።»

መስከረም 28 ቀን 2008 የምዝገባው ሁለተኛ ቀን ነበር። ከይጁቤም ከደምበጫም የመጣው ተማሪ ሰልፉ ከግቢው በር ወጥቷል። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ላይ የሂዊ ስክሪን ቀይ ማስጠንቀቂያ አሳየ። ምዝገባው ያለበት ሰርቨር ማራገቢያዎቹ ቆመዋል፤ ሙቀቱ እየወጣ ነው። ከልኩ ካለፈ በራሱ ጊዜ ድርግም ይላል።

አቶ አበረ ቁጥሩን አዩና ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ስንት ደቂቃ አለን?»

«ሃያ ብናገኝ ነው። ጋሼ፣ ላዛውረው?»

«ሰው እየሠራበት?»

«ሰው እየሠራበት።»

«ተጽፎ ያላለቀው ስምስ?»

«አብሮ ይሄዳል። ፋይሉ ያለው ሦስቱም በሚጋሩት ማከማቻ ላይ ነው። የሚሻገረው አሁን በትውስታው የያዘው ብቻ ነው። እየሠራ ይገለበጣል፤ በመሐል የተለወጠው እንደገና ይገለበጣል። መጨረሻ ላይ ዐይን እስኪርገበገብ ቆም ይልና እዚያኛው ላይ ይቀጥላል።»

በራሳቸው ንቅናቄ ፈቀዱላትና ስልኳ ላይ ደወሉ።

ሂዊ ትእዛዙን ስትሰጥ አቶ አበረ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ እንደያዙ ወደ ምዝገባው ክፍል ሮጡ። ከዚያ በፊት ሲሮጡ አይቶ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ኮሪደሩ ላይ የነበረው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ያለምወርቅ ጀርባ ሄደው ቆሙ። ያለምወርቅ የአንዲት የይጁቤ ልጅ ስም እየጻፈች ነው። «ወለተ» ብላ ጻፈች።

«ተሻገረ፣ ጋሼ» አለች ሂዊ በስልክ።

ያለምወርቅ «ሐዋርያት» ብላ ጨመረችበት።

የአንዲት ልጅ ስም ግማሹ በአንዱ ማሽን፣ ግማሹ በሌላው ተጽፎ፣ ልጅቷ ግን መታወቂያዋን ወደ ቦርሳዋ እየመለሰች ነበር።

«ቆመብሽ?» አሉ በደከመ ድምፅ።

«ምኑ?»

«ኮምፒውተሩ።»

«ኮምፒውተሩስ አልቆመም። የቆሙብኝ እርስዎ ነዎት።»

ተመልሰው ሲመጡ፣ የጋለው ሰርቨር ባዶውን ስለቀረ መጥፋት እንዳለበት ሂዊ ነገረቻቸው። እጇን ስትዘረጋ ያዟት። «ቆይ፣ እኔ ልንካው» አሉና ቁልፉን በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። መብራቶቹ አንድ በአንድ ከሰሙ። አቶ አበረ አንገታቸውን ወደ ኮሪደሩ አዘንብለው ጩኸት ጠበቁ። የተሰማው የያለምወርቅ ድምፅ ብቻ ነው፦ «ቀጣይ።»

ብዙም ሳይቆይ የኮሌጁ ዲን ዶክተር ሙላት በሩን በርግደው ገቡ። በምዝገባ መሐል ሰርቨር ጠፋ የሚል ወሬ ደርሷቸዋል።

«ማን ነው የፈቀደው?»

ሂዊ አፏን ስትከፍት አቶ አበረ ቀደሟት። «እኔ ነኝ። ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።»

«ምዝገባው ቢበላሽስ፣ አቶ አበረ? ጡረታዎ እኮ ሁለት ዓመት ነው የቀረው።»

«አውቃለሁ። ቢበላሽ ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

ዲኑ ወጥተው ሰልፉን አዩ፤ ያለምወርቅን ጠየቁ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ቢሮአቸው አለፉ።

ሂዊ ገና እንደገረማት ነው። እኚህ የሚሠራ ነገር ሲነካ ቀኑን ሙሉ የሚያኮርፉ ሰው!

«ጋሼ፣ ለካ አምነውኝ ነበር» አለቻቸው።

አቶ አበረ ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

«የለም፣ አሁንም አላመንኩም» አሉ። «ግን ቢበላሽ ብቻሽን ላስጠይቅሽ ኖሯል?»