እጅ የተንሳፈፈበት ፓንች

ስልኩ ላይ ያየውን ሁሉ ካልሞከረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ ቤት አንድ አለ፤ እኔው ነኝ።

ለልጃችን ልደት የባለቤቴ ዘመዶች መንዝ፣ ሞላሌ ከተማ እኛ ቤት ሊመጡ ሆነ። ሌላው ሰው ቢሆን ብርዝ በጥብጦ ያርፍ ነበር። እኔ ግን ፈረንጆች እርስ በርስ በሚያስፈራሩበት ሃሎዊን በሚሉት በዓል የሚጠጡትን፣ ፓንች የሚሉትን ቀይ የጭማቂ ድብልቅ አይቻለሁ! ከርከዴ አፍልቼ የብርቱካን ጭማቂ ጨመርኩበት። መች በዚህ በቃኝ? የላስቲክ ጓንት በውሃ ሞልቼ ፍሪዘር ውስጥ አሳደርኩና፣ ጠዋት ጓንቱን ገፍፌ የበረዶውን እጅ ድስቱ ላይ አንሳፈፍኩት። የመንዝ ብርድ ያነሰን ይመስል!

እንግዶቹ ገቡ። የባለቤቴ አክስት እትዬ ወለተ የድስቱን ክዳን ከፈት አድርገው፣ «በስመ አብ! የማን እጅ ነው?» ብለው ጮኹ። ቤቱ ተተራመሰ። አማቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊወጡ ተነሱ። ባለቤቴ በዓይኗ ልትገድለኝ ደረሰች።

በሩ ላይ ቆሜ፣ «አባባ፣ በማርያም ይቀመጡ! ውሃ ነው፤ በረዶ የሆነ ውሃ! መጠጡም ቢሆን አልኮል ጠብታ እንኳ የለበትም» አልኩ።

አማቴ ድስቱን አዩ፤ እኔንም አዩኝ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ያደረግኸው ሳትጠጣ ነው?» አሉኝ።